ከመርጨታችሁ በፊት ቅጠሉን ገልብጡት

ሰሞኑን በውስጥ መስመር «ጎመኔን ትል ጨረሰው፣ ምን ልርጭበት?» የምትሉኝ በዝታችኋል። ባለፈው ዓመት ጥር ላይ እኔም ይህንኑ ጥያቄ ይዤ ነበር የሊማሊሞን ገደል የወረድሁት።

አክስቴ ያለችው ድብ ባሕር ነው፣ እኔ ደባርቅ። እኛን ውርጭ ሲያንሰፈስፈን ከገደሉ ሥር እነሱ ይሞቃቸዋል። በዚያ ወር ግን የሁለታችንም የሐበሻ ጎመን ወንፊት ሆኖ ነበር። እኔ በባዶ የውሃ ፕላስቲክ የተቀዳ፣ ስሙ እንኳ ያልተጻፈበት መድኃኒት ገዝቼ ረጨሁ። ትሉ ለሳምንት ጠፋና ብሶበት ተመለሰ። ይህን ስነግራት አክስቴ ስለ ትሉ አልጠየቀችኝም። «አንች፣ ከረጨሽ በስንተኛው ቀን ቀነጠስሽ?» አለችኝ። በሦስተኛው ቀን ነበር፤ ልጆቼም በልተውታል። ትዝ ሲለኝ ዛሬም ሆዴ ይረበሻል።

ስንዴ የረጨ ሰው እስኪያጭድ ብዙ ሳምንት አለው። ጎመን ግን ዛሬ ሁለት፣ ከነገ ወዲያ ሦስት ቅጠል እየተቀነጠሰ ድስት የሚገባ ነው፤ በሁዳዴማ በየቀኑ። ስንት ቀን መቆየት እንዳለበት የሚናገረው ዕቃው ላይ ያለው ጽሑፍ ነው። ጽሑፍ የሌለውን አትግዙ፤ ይህን እለምናችኋለሁ።

እኛ ሰፈር ትል ሁሉ «ተምች» ይባላል። ተምች ግን የሣርና የእህል ጠላት ነው፤ በ2009 ዓ.ም. የገባው መጤ ተምችም ይበልጥ የሚያጠቃው በቆሎን ነው። ችግኝ ሌሊት ከሥሩ ቆርጦ የሚጥለው ቆራጭ ትል ነው፤ ጠዋት በወደቀው ችግኝ ዙሪያ አፈሩን በጣት ስትጭሩ ተጠቅልሎ ታገኙታላችሁ። ቅጠሉን ወንፊት የሚያደርገው ደግሞ ከ1 ሴንቲ ሜትር እምብዛም የማያልፍ አረንጓዴ ትል ነው። ሲነኩት እየተወራጨ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ በድሩ ተንጠልጥሎም ይወርዳል። እናቱ ክንፏን ስታጥፍ ጀርባዋ ላይ የአልማዝ ቅርጽ የሚታይባት ትንሽ ግራጫ የእሳት እራት ናት። ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲሆን ከእንቁላል ተነሥታ ክንፍ እስክታወጣ 16 ቀን ገደማ ይበቃታል፤ 15 ዲግሪ ሲሆን ከወር በላይ ትቆያለች። ቆላው ቶሎ ቶሎ የሚወረረው ለዚህ ነው።

መርዝ መልመድም ታውቅበታለች። እ.ኤ.አ. በ1953 ጃቫ ደሴት ላይ ዲዲቲን መቋቋሟ ተመዝግቧል። ይልቅስ መርዙ የሚጨርሰው ጠላቷን ነው፤ ትሉ ውስጥ እንቁላሏን የምትጥል፣ ጉንዳን የምታህል ተርብ አለች። ናይሮቢ ያለው የነፍሳት ምርምር ማዕከል፣ ኢሲፔ፣ እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ እንዲህ ያለችውን ተርብ ከታይዋን አስመጥቶ የኬንያ ጎመን ማሳ ላይ ለቋታል። እኔ ደግሞ የራሴን ጓሮ ተርቦች በገንዘቤ ስገድል ከርሜያለሁ።

ከአክስቴ ጋር ቁጭ ብለን ቅጠል ገለበጥን፤ ከሥሩ ትንንሽ ሽፋኖች ተለጥፈው አገኘን። በስስ ድር ውስጥ አረንጓዴ ገላው የሚታየው የእሳት እራቷ ነው፤ ይጨፍለቅ። ድፍን ሆኖ ውስጡ የማይታየው የተርቧ ነው፤ ይተው። አክስቴ «እኔ የትል እንቁላል ነው እያልሁ ስንቱን አራግፌዋለሁ!» ብላ አዘነች።

አሁን በሳምንት ሁለት ቀን በእጄ እለቅማለሁ፤ ለዶሮዎቹ ግብዣ ነው። ወደ ማታ ቅጠሉን ከላይ አጠጣለሁ፤ ትሉን ያጥበዋል፣ የእሳት እራቷንም ከመገናኘት ያውካታል። ክረምት ላይ ትሉ የሚቀንሰው ዝናቡ ስለሚመታው ነው። አመድም ሞክሬያለሁ፣ ውሃ እስኪነካው ድረስ ይረዳል። ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን አርጅቶ የሚያቆጠቁጠውን የጎመን ግንድ ስነቅል ነው፤ ትሉ ከወቅት ወቅት የሚሻገረው እሱ ላይ ነበር። ለምጣድ ማሰሻ የሚሆነኝን ጎመን ዘር ከአዲሱ መደብ አርቄ ለብቻው አስቀርቻለሁ።

ፎቶ ስትልኩልኝ እባካችሁ ከቅጠሉ ሥር አንሡት።