የቢሮ አበቦች የዕረፍት ወቅትና የውሃ አሰጣጥ

የክረምቱ ወራት በገቡ ቁጥር በአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቶች የእንግዳ መቀበያ ክፍሎችና በኃላፊዎች ጽሕፈት ቤቶች የተቀመጡ አበቦች ማበብ ያቆማሉ፤ ቅጠላቸውም ይረግፋል። ብዙውን ጊዜ ይህ ሁኔታ እንደ በሽታ ወይም እንደ ጽዳት ሠራተኞች ቸልተኝነት ይቆጠራል። በመሆኑም ወይ ውሃው ይጨመራል፣ አለዚያም ተክሉ ተጥሎ በመስከረም ወር በአዲስ ግዢ ይተካል። ሁለቱም እርምጃዎች ተገቢ አይደሉም፤ ተክሉ አብዛኛውን ጊዜ ያረፈ እንጂ የሞተ አይደለምና።

ለበርካታ ዓመታት የሚቆዩ ብዙ የአበባ ዝርያዎች በዓመቱ ውስጥ ዕድገታቸውን የሚገቱበት ወቅት አላቸው። በአውሮፓ የሚታተሙ የአትክልት መጻሕፍት ይህንን ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ያደርጉታል። በዚያ አካባቢ ቀኑ የሚያጥረውና ቅዝቃዜው የሚበረታው በእነዚህ ወራት በመሆኑ ምክሩ ትክክል ነው። እንዳለ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ግን ያሳስታል። በአዲስ አበባ በዓመቱ ረጅምና አጭር ቀናት መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ሲሆን፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ ፀሐይ የማይጠፋባቸው ወራት ናቸው። በክፍል ውስጥ ብርሃን በእጅጉ የሚቀንሰው ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ በደመና ሲሸፈን ነው። ስለዚህ እንደ ጄራኒየም ያሉ የመስኮት አበቦች ዕረፍት ሊሰጣቸው የሚገባው በክረምት ነው።

ጉዳቱ የሚደርሰውም በዚሁ ጊዜ ነው። ብርሃን ሲያንስ ቅጠሉ ወደ አየር የሚያተነው ውሃ ይቀንሳል፤ ሥሩም ከአፈሩ ጥቂት ብቻ ይስባል። ይሁን እንጂ በበርካታ ቢሮዎች ውሃ የሚጠጣው በተወሰኑ ቀናት፣ በበጋው ልክ ነው። አፈሩ ውሃ እንዳቆረ ይከርማል፤ አየር ያጣው ሥርም ይበሰብሳል። የበሰበሰ ሥር ውሃ መሳብ ስለማይችል ቅጠሉ ይጠወልጋል፤ መጠውለጉ ደግሞ ጥማት ስለሚመስል ተጨማሪ ውሃ ይፈስበታል። ብዙ አበባ የሚጠፋው በዚህ መንገድ፣ ያውም በትጉህ ሠራተኛ እጅ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ውሃ ከመጠጣቱ በፊት ጣትን ከሁለት እስከ ሦስት ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ አፈሩ አስገብቶ መሞከርና እርጥበት ካለ መተው ያስፈልጋል። ከማሰሮው ሥር ባለው ሳህን የተጠራቀመ ውሃ መደፋት አለበት። የረገፉና የሻገቱ ቅጠሎችም መነሣት ይኖርባቸዋል። ማዳበሪያ በዚህ ጊዜ አይሰጥም፤ ተክሉ ያልተጠቀመበት ጨው አፈሩ ውስጥ ተከማችቶ ሥሩን ያቃጥላልና።

የዕረፍት ወቅታቸው ከክረምቱ ጋር የማይገጥም አበቦችም አሉ። መገኛዋ ሜክሲኮ የሆነችውና በገና ሰሞን የምትደምቀው ፖይንሴቲያ ከእነዚህ አንዷ ናት። ኢትዮጵያ የዚህችን ተክል ቁርጥራጭ ለአውሮፓ አምራቾች ትልካለች። የፖይንሴቲያ ዕረፍት የሚጀምረው ቀለሟ ከደበዘዘ በኋላ በበጋው መጨረሻ ሲሆን፣ ውሃዋ ተቀንሶ ግንዷ እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ድረስ ይቆረጣል። ከቁርጡ የሚወጣው ነጭ ፈሳሽ ቆዳን ሊያሳክክ ስለሚችል ጓንት ማድረጉ ይበጃል። ቅጠሎቿ መልሰው የሚቀሉት ረጅምና ያልተቋረጠ ጨለማ ሲያገኙ ነው። ሌሊቱን ሙሉ መብራት በሚበራበት ኮሪደር የተቀመጠች ፖይንሴቲያ አረንጓዴ ሆና የምትቀረውም በዚህ ምክንያት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ለሁለት ወራት ያህል ከሥራ መውጫ 11፡30 ሰዓት ላይ በካርቶን ሸፍኖ፣ በማግስቱ 2፡30 ሰዓት መግለጥ በቂ ጨለማ ይሰጣታል።

አማሪሊስ ደግሞ የምትጎዳው በችኮላ ነው። አበባዋ እንደጠወለገ ቅጠሏን አብሮ መቁረጥ የተለመደ ቢሆንም፣ ለሚቀጥለው አበባ የሚሆነውን ምግብ ሽንኩርት በመሰለው የምድር ውስጥ ክፍሏ የሚያጠራቅመው ይኸው ቅጠል ነው። መቆረጥ ያለበት የአበባው ዘንግ ብቻ ነው። ቅጠሉ ለወራት ብርሃንና ውሃ ካገኘ በኋላ ውሃው ቀስ በቀስ ይቆማል፤ ማሰሮውም ከስምንት እስከ አሥር ሳምንት ቀዝቀዝ ባለና ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። ለዚህ የመሥሪያ ቤቱ መጋዘን ይበቃል፤ ባዶ ማሰሮ መስሎ እንዳይጣል ግን ቀኑንና የተክሉን ስም ጽፎ መለጠፍ ያሻል። ጊዜው ሲደርስ የሽንኩርቱ አናት ከአፈር በላይ እንዲታይ ሆኖ በአዲስ አፈር ይተከላል፤ ቡቃያው ብቅ እስኪል ድረስም ውሃው በጥቂቱ ይሰጣል።