መጀመሪያ ቴሴራው፣ ጫማው ይደርሳል

የቱንም ያህል ጎል አዳኝ ቢሆን ቴሴራ ያልወጣለት አጥቂ ሜዳ አይገባም። የለበሰው ጫማ ምርጥ ቢሆንም ለዳኛው ምኑም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በኦኩፔሽናል ቴራፒ የሚመረቁ ወጣቶች ጥያቄም ከዚሁ ይመሳሰላል፦ የአካል ብቃት አሠልጣኝነት ሰርተፊኬት ቢጨምሩበት ሥራ ቶሎ ያገኛሉ ወይ?

ሙያው በስፖርቱ ሰፈር እንደ ፊዚዮቴራፒ አይታወቅም። ሥራው ተጎጂውን ወደ ዕለት ተዕለት ኑሮው መመለስ ነው። ጣቱ የተሰበረ በረኛ ኳስ ከመያዙ በፊት ሸሚዙን መቆለፍ፣ ማንኪያ መጨበጥ አለበት። ስትሮክ የመታቸው አዛውንትም እንደዚያው። በአገራችን ትምህርቱ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይሰጣል።

አሜሪካ ላይ የዚህ ሙያ ቴሴራ የክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ነው። ፈቃዱ ማስተርስ ወይም ዶክትሬት፣ ቢያንስ የ24 ሳምንት የሙሉ ጊዜ የተግባር ልምምድ፣ በላዩ ላይ ብሔራዊ ፈተና ይጠይቃል። የጂም አሠልጣኝነት ሰርተፊኬት ግን ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰና የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና የወሰደ የ18 ዓመት ወጣትም ተፈትኖ ያገኘዋል። ቀጣሪ ፊት ሁለቱ ወረቀቶች እኩል አይመዝኑም።

ዋናው ምክንያት ገንዘብ ነው። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የመንግሥት መድን የሚከፍለው ባለፈቃዱ ለሚሰጠው ሕክምና እንጂ ለተራ የጂም እንቅስቃሴ አይደለም። ሆስፒታሉ በሰርተፊኬቱ ተጨማሪ ሂሳብ ካላስከፈለ ለምን ብሎ ደሞዝ ይጨምራል? ለባለሙያው ያለ ወረቀቱም ጥሩ ይከፈለዋል፤ እ.ኤ.አ በ2023 የዘርፉ መካከለኛ ዓመታዊ ደሞዝ 96,370 ዶላር ነበር።

ታዲያ ሰርተፊኬቱ ከንቱ ነው? አይደለም፣ እንደ ቦታው ነው። «ሲኤስሲኤስ» የሚባለው የጥንካሬና የኮንዲሽኒንግ ሰርተፊኬት ዲግሪ ስለሚጠይቅ ከስፖርተኞች ጋር ለመሥራት ለሚያመለክት ክብደት አለው። ከሥራ ላይ ጉዳት የተረፉ ሠራተኞችን መልሰው ለጉልበት ሥራ በሚያዘጋጁ ማዕከላትም ዕውቀቱ ይጠቅማል። በትምህርት ቤት ከሕፃናት ጋር ለመሥራት ላሰበ ግን ብዙም አይረዳውም።

የእጅ ሕክምና ስፔሻሊስት ለመባል ደግሞ 3 ዓመት በባለሙያነት መሥራትና በእጅ ሕክምና 4,000 ሰዓት መሙላት ግድ ነው፤ ለጀማሪ አይደርስም። እሱን ያሰበ ሰው መጀመሪያ ሥራ መግባት አለበት።

የትምህርት ብድር ለተጫነው ምሩቅ ለኮርስና ለፈተና የሚወጣው ገንዘብ ቀላል አይደለም። ከመክፈሉ በፊት የሚፈልጋቸውን ክፍት የሥራ ቦታዎች ማስታወቂያ ደርድሮ ያንብብ። ሰርተፊኬቱን የሚጠይቁ ከሆነ ይግዛው፤ ካልጠየቁ ብሩን ለፈቃዱ ፈተና ያውለው። ክለብስ ቢሆን ተጫዋች የሚገዛው ለጎደለው ቦታ አይደል?