የሴንት ፍራንሲስ ግድብና የመሠረቱ ነገር

ዝናም በወራት የተወሰነ፣ የሰው ጥማት ግን ወቅት የማያውቅ ስለሆነ፣ ሕዝብ ተሰብስቦ የሚኖርበት ብዙ ከተማ የክረምቱን ውኃ ለበጋ የሚያቆይለት ግድብ ያስፈልገዋል። ከገፈርሳ፣ ከለገዳዲና ከድሬ ግድቦች ተጣርቶ በቧንቧ የሚመጣለትን ውኃ ከሚቀዳው የአዲስ አበባ ሕዝብ መካከል ስለ ግድቦቹ የሚያስብ ጥቂት ነው፤ ይህም አያስነቅፍም፤ ሥራውን በደኅና የሚሠራ ግድብ ራሱን ለሰው አያስታውስምና። ነገር ግን ግድብ ውኃን ከመስጠቱ በፊት የውኃን ሸክም መቻል አለበት፤ ይህን ሸክም በምን ኃይል እንደሚችለው፣ ሲያቅተውም ምን እንደሚከተል ለመረዳት፣ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ክፍለ አገር የሆነውን ነገር ማየት ይበጃል፤ ዘመኑንም ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር እንናገራለን።

የሎስ አንጀለስ ከተማ የተቈረቈረችው ዝናም በማይበዛበት አገር ስለሆነ፣ የውኃ ሥራዋ ዋና መሐንዲስ ዊልያም ሙልሆላንድ ከኦወንስ ሸለቆ ተነሥቶ 375 ኪሎ ሜትር ያህል የሚጓዝ ቦይ አሠርቶ በ1913 ውኃ አስገባላት። ይህ ሰው በ1855 በአየርላንድ ተወልዶ፣ በወጣትነቱ የከተማዋን የውኃ ቦይ ሲጠርግ የነበረና የምህንድስናን ጥበብ ከመጻሕፍትና ከሥራው በገዛ ትጋቱ የቀሰመ ነበረ። ቦዩ የምድር መናወጥ የሚነሣበትን ታላቅ ስንጥቅ አቋርጦ የሚመጣ በመሆኑ፣ አንድ ቀን ቢቈረጥ ከተማዋ በውኃ ጥም እንዳትጠፋ ከስንጥቁ ወዲህ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ውኃ ማከማቸት እንደሚገባ አሰበ፤ አሳቡም ቅን ነበር። ስለዚህ ከ1924 እስከ 1926 በሳን ፍራንሲስኪቶ ሸለቆ ውስጥ ወደ 60 ሜትር የሚጠጋ ቁመት ያለውና 47 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ የሚይዝ፣ ሴንት ፍራንሲስ የተባለ የኮንክሪት ግድብ አሠራ።

እንዲህ ያለው ግድብ የውኃውን ግፊት የሚቋቋመው በክብደቱ ነው። ውኃው ግን ከፊት መግፋት ብቻ ሳይሆን በመሠረቱ ስንጥቆች እየሰረገ ከሥር ወደ ላይ ያነሣዋል፤ ባነሣውም መጠን የሚጠቅመው ክብደት ይጐድልበታል። ጠንቃቃ መሐንዲሶች ይህን ስውር ጠላት ስለሚያውቁ፣ መሠረቱን ከዳር እስከ ዳር በጉድጓዶች እየበሱ የሰረገውን ውኃ ያስወጡታል። በሴንት ፍራንሲስ ግን ይህ ለመካከለኛው ክፍል ብቻ ተደርጎ ሁለቱ ጎኖች እንዲሁ ቀሩ፤ ይህም ሳይበቃ፣ ሥራው በመካሄድ ላይ ሳለ የግድቡ ቁመት በሁለት ጊዜ በድምሩ 6 ሜትር ያህል ሲጨመር የመሠረቱ ስፋት አልተጨመረም።

ወንጌል ቤቱን በዓለት ላይ የመሠረተውን ልባም ሰው ያመሰግናል፤ ዓለት ሁሉ ግን በጽናት እኩል አይደለም። የግድቡ ምሥራቃዊ ጎን ያረፈበት ድንጋይ በስስ ንብርብሮች የተሠራና ሲርስ አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ የሚንሸራተት ነበረ፤ በጥንተ ዘመን የወረደ ታላቅ ናዳ አካል መሆኑንም ከብዙ ዓመታት በኋላ የመረመሩት ሊቃውንት ገልጸዋል። በምዕራብ በኩል ያለው ቀይ ድንጋይ ደግሞ ደረቅ ሳለ ጽኑዕ ይመስል ነበር፤ ከአደጋው በኋላ ቁራጩን ውኃ ውስጥ የጨመሩት መሐንዲሶች ግን ሲፈርስ በዓይናቸው አይተዋል። ድንጋዩን አስቀድሞ በውኃ ነክሮ መፈተን ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ሥራ ነበረና፣ ይህ እጅግ ያሳዝናል።

መጋቢት 12 ቀን 1928፣ ግድቡ ሞልቶ አንድ ሳምንት ሳይሞላው፣ ዘበኛው ማለዳ ሲዞር ከምዕራቡ ጎን አዲስ ፍሳሽ አየ፤ ውኃውም ድፍርስ ነበረ። ከግድብ ኩልል ያለ ውኃ ጥቂት ቢሰርግ የተለመደ ነው፤ ድፍርስ ውኃ ግን መሠረቱን እየሸረሸረ ይዞ እንደሚወጣ ያመለክታልና ዘበኛው መደንገጡ የሚገባ ነበረ። ሙልሆላንድ ተጠርቶ መጥቶ መረመረ፤ ውኃው ከግድቡ ሲወጣ ጥሩ መሆኑንና የሚደፈርሰው በአዲስ መንገድ አፈር ላይ ሲወርድ መሆኑን አይቶ፣ የሚያሠጋ ነገር የለም ብሎ ተመለሰ።

በዚያው ዕለት፣ እኩለ ሌሊት ሊሆን ሦስት ደቂቃ ሲቀረው ግድቡ ተናደ። ዘበኛው ከሕፃን ልጁ ጋር ጠፋ፤ ከግድቡ በታች በነበረው የኤሌክትሪክ ማመንጫ አጠገብ የሚኖሩት ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው ከጥቂቶች በቀር አለቁ። በሳንታ ፖላ ከተማ የስልክ ሠራተኞች ቦታቸውን ሳይለቁ እየደወሉ፣ ፖሊሶችም በሞተር ብስክሌት ከቤት ወደ ቤት እየሮጡ የተኛውን ሕዝብ ባይቀሰቅሱ ኖሮ፣ የሟቾቹ ቊጥር እጅግ ይበዛ ነበር። ጎርፉ 87 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ሰላማዊ ውቅያኖስ ገባ፤ የሞቱትም ከ400 በላይ ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ በእርሻ ተቀጥረው የሚሠሩ የሜክሲኮ ተወላጆች ነበሩ።

ሙልሆላንድ በመርማሪዎች ፊት ቀርቦ በሌላ ሰው ሳያመካኝ ኃላፊነቱን በራሱ ላይ አደረገ፤ ከሹመቱም ወርዶ በ1935 ዐረፈ። መርማሪዎቹ ለክስ የሚያበቃ ነገር አላገኙበትም፤ ነገር ግን የታላቅ ግድብ ሥራ፣ ሰውዬው የቱንም ያህል የከበረ ቢሆን፣ በአንድ ሰው አስተያየት ብቻ እንዳይፈጸም አሳሰቡ። እስከዚያ ዘመን የራሳቸው መሐንዲስ ያላቸው ከተሞች ከክፍለ አገሩ መንግሥት ቊጥጥር ነጻ ነበሩና፣ የሙልሆላንድን ንድፍ ከውጭ ሆኖ የመመርመር ግዴታ ያለበት ማንም አልነበረም። ከሁሉም ጥፋት ዋነኛው ይህ ይመስለኛል፤ የዓለቱን ድክመት ሌላ ዓይን ሊያየው ይችል ነበርና። በ1929 የወጣው ሕግ የከተሞችን ግድቦችም ከንድፋቸው ጀምሮ በመንግሥት መሐንዲስ ሥር አደረጋቸው።

ዛሬ በደንብ በተያዘ ግድብ ላይ የሚሰርገው ውኃ ብዛትና ጥራት፣ በመሠረቱ ውስጥ ያለው ግፊት፣ የግድቡም አካል ከቦታው መነቃነቁ እየተለካ በመዝገብ ይጻፋል፤ ግድቡን ያልሠራ ሌላ ባለሙያም መዝገቡን ይመረምራል። ሙልሆላንድ በሆሊውድ ኮረብቶች መካከል በተመሳሳይ ንድፍ የሠራውና በስሙ የተጠራው ግድብም ከአደጋው በኋላ አዲስ ምርመራ ተደረገበት፤ የውኃው ከፍታ እንዲቀነስ ተወሰነ፤ በታችኛው ፊቱም ብዙ አፈር ተደልድሎለት እስከ ዛሬ ቆሟል።