አሚቾ ሥር አይደለም

አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት ውኃ በሞላ ብርጭቆ አፍ ላይ አስቀምጡ፤ መቀመጫው ብቻ ውኃውን ይንካ። አጠገቡ እርጥብ ጥጥ ላይ አንድ ፍሬ ባቄላ አኑሩና ጥቂት ቀን ጠብቁ። ባቄላው አንድ ሥር ያወጣል፤ እሱም ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፣ ቅርንጫፍ የሚያበጀው ኋላ ነው። ከሽንኩርቱ መቀመጫ ዙሪያ ግን ነጫጭ ሥሮች ተግተልትለው ይወጣሉ። ቡና ሥር የሚሰደው እንደ ባቄላው ነው። በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ በወንጪ ሐይቅ ዙሪያ በየጓሮው የቆመው እንሰት ደግሞ እንደ ሽንኩርቱ ነው።

እንሰት ዋና ሥር የለውም። መሬት ውስጥ ያለው፣ ተቀቅሎ የሚበላው ድቡልቡል አሚቾ ሥር ቢመስልም ግንድ ነው። ከላይ ግንድ የሚመስለን እርስ በርሱ የተጠቀለለ የቅጠል እግር ነው። ሥሮቹ ገመድ መስለው ከአሚቾው ይወጣሉ፤ አብዛኞቹም ከላይኛው አፈር ብዙ አይርቁም። ፍግ ከግርጌው የሚደፋው ለዚህ ነው።

ሙዝ ልጆቹን ራሱ ከጎኑ ያበቅላል። እንሰት ግን ካልነኩት ብቻውን ያድጋል፤ ከመሃሉ ያለው የዕድገት እምብርት ኦክሲን የተባለ ንጥረ ነገር ወደ ታች እየላከ አሚቾው ላይ ያሉትን እምቡጦች አስተኝቶ ይይዛቸዋል። ስለዚህ አርሶ አደሩ ከ2 እስከ 4 ዓመት የሆነውን እንሰት ይነቅልና ከአሚቾው ትንሽ ከፍ አድርጎ ይቆርጠዋል። እምብርቱን በቢላ ጎርጉሮ ያወጣል፣ ጉድጓዱን አፈር ይሞላል፣ አሚቾውን ፍግ በተቀላቀለ አፈር ይቀብረዋል። ያን ጊዜ የተኙት እምቡጦች ይነቃሉ። ከአንድ አሚቾ ከ40 እስከ 200 የሚደርስ ቀንበጥ ሊወጣ ይችላል።

ቀንበጡ መጀመሪያ የሚኖረው በእናቱ ስንቅ ነው። ቀስ በቀስ ግርጌው ያብጥና የራሱን ትንሽ አሚቾ ይሠራል፤ ሥሮቹም ከዚያ ይወጣሉ። የእያንዳንዱ ሥር ጫፍ አፈር ሲሰረስር እንዳይላጥ ቆብ ለብሷል። ከጫፉ ጥቂት መለስ ብሎ ያሉት ረቂቅ ፀጉሮች ውኃና ማዕድን ይስባሉ። አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ችግኙ ተነጥሎ ይተከላል፤ ሲገዝፍም ሰፋ ወዳለ ቦታ ይዛወራል። በየዝውውሩ ሥሩ ቢቆረጥም አሚቾው ሌላ ያወጣል። እንግዲህ ችግኝ የሚመርጥ ሰው ከሥሩ ርዝመት በፊት አሚቾው ያልበሰበሰና ያልቆሰለ መሆኑን ይመልከት።

ሥራው ሁሉ የሚጀምረው በቢላ ነው፤ አደጋውም ከዚያው ነው። በአገራችን በ1968 እ.ኤ.አ. በጥናት የተመዘገበውን የእንሰት አጠውልግ በሽታ የሚያመጣው ባክቴሪያ በዋናነት የሚተላለፈው የታመመ ተክል በነካ መሣሪያ ነው። አሚቾውን ከመክፈታችሁ በፊት ስለቱን እሳት ላይ ለብልቡት። በአንድ ቆሻሻ ቢላ የሚጠፋው አንድ እንሰት ብቻ አይደለም፤ ከእሱ ሊወጡ የነበሩት ችግኞች ሁሉ ናቸው።