ጀልባውን የሚገፋው ሰው ስሙ ማን ነው?

ውድ ወላጆች፣ የትልልቆቹ ክፍል ካለፈው ቅዳሜ ጀምሮ «ሥዕል አይቶ መናገር» ላይ ነው። የመረጥነው የፊላደልፊያው ሠዓሊ ቶማስ ኤኪንስ እ.ኤ.አ. በ1876 በዘይት ቀለም የሣለውን የወፍ አደን ነው። ሥዕሉ የሚገኘው ኒው ሄቨን፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ ነው፤ መግቢያው ነፃ ስለሆነ ቅርብ ያላችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው።

ሁለት ሰዎች አንዲት ትንሽ ጀልባ ላይ ቆመዋል። ከፊት ቀይ ሸሚዝ የለበሰ ነጭ አዳኝ ጠመንጃ አነጣጥሯል። ከኋላ አንድ ጥቁር ሰው ረጅም ዘንግ ይዟል። የሚታደነው ሬይል የሚሏት ትንሽ የረግረግ ወፍ ናት። (ልጆቹ ዳክዬ ማለታቸው አይቀርም፤ ተዉአቸው።) ይቺ ወፍ ከመብረር ይልቅ በሸምበቆው መሃል ሮጣ ማምለጥ ትመርጣለች። ስለዚህ አዳኞች የሚወጡት የባሕሩ ውኃ ሞልቶ ረግረጉን ሲሸፍነው ነው፤ ያኔ ጀልባዋ ሸምበቆው ውስጥ ትገባለች፣ ወፏም መሮጫ ስታጣ ትነሣለች።

ታዲያ ሥራው የማን ነው? ገፊው ጀልባዋን በዘንግ ይገፋል፣ ወፍ ስትነሣ ይጠቁማል፣ ሲተኮስ ጀልባዋ እንዳትወዛወዝ አጽንቶ ይይዛል፣ ወፏ የወደቀችበትንም ቦታ በዓይኑ ይዞ ይቆያል። አዳኙ መተኮስ ብቻ! (ጣና ላይ ታንኳ በዘንግ ሲገፋ ያያችሁ ወላጆች ይህን ከእኛ በተሻለ ታስረዷቸዋላችሁ።) ኤኪንስም ሥራውን ያውቀዋል፤ ከአባቱ ጋር ለዚሁ አደን ይወጣ ነበር፣ ወባም ይዞት ታሟል። ገፊውን ያን ያህል ተጠንቅቆ የሣለው ለዚህ ይመስለኛል።

ርዕሱ ላይ ስንደርስ ግን ነገር አለ። ሥዕሉ ከሚታወቅባቸው ርዕሶች አንዱ «ዊል ሹስተርና ብላክማን ለአደን ሲሄዱ» የሚል ነው። አዳኙ ስም ከነአባት አለው። «ብላክማን» ግን ሲያነቡት የአባት ስም ይመስላል፣ ሲሰሙት «ጥቁር ሰው» ነው። ባርነት በሕግ ከቀረ ገና 11 ዓመቱ ነበር።

አማርኛ ደግሞ የራሱን ጥያቄ ያመጣል። እንግሊዝኛ ለሁለቱም አንድ ቃል ይበቃዋል፤ እኛ ግን «እሱ» ወይም «እሳቸው» ብለን ሳንመርጥ አንናገርም። ክፍል ውስጥ ብዙዎቹ ልጆች ስለ አዳኙ «ተኮሱ»፣ ስለ ገፊው «ገፋ» አሉ። አላረምናቸውም፤ «ለምን?» ብለን ብቻ ጠየቅን። አንዷ «ጠመንጃ ስለያዙ» አለች።

ለሚቀጥለው ቅዳሜ የቤት ሥራው ይህ ነው፦ ልጁ ገፊውን ሆኖ፣ «እኔ» እያለ አምስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። እናንተ እርማቱን ለኛ ተዉልንና፣ ሲጽፍ አጠገቡ ሆናችሁ በአማርኛ አውሩት። ለሰውየው ስም ማውጣቱንም እንዳይረሳ።