ከልብወለዱ ወደ ፊልሙ ያልተሻገረው ችሎት



ዛሬ የምንነጋገርበት ፊልም በሌንፊልም ስቱዲዮ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በጥር 1962 ለሕዝብ የታየ ነው። በሩሲያኛ «ቼሎቬክ አምፊቢያ» ይባላል፤ በአማርኛ «በየብስም በውኃም የሚኖር ሰው» ልንለው እንችላለን። አዘጋጆቹ ቭላዲሚር ቼቦታርዮቭና ጌናዲ ካዛንስኪ ናቸው። ከ65 ሚሊዮን በላይ ተመልካች አግኝቶ የዚያ ዓመት ቀዳሚ የሶቪየት ፊልም ለመሆን በቅቷል። ስለ ተወዳጅነቱ ብዙ ተብሏል። እኔ ላነሣ የምሻው ግን ፊልሙ በመጽሐፉ ውስጥ ትቶት ስለ መጣው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ችሎቱ ነው።

የመጽሐፉ ደራሲ አሌክሳንድር ቤልያዬቭ እ.ኤ.አ. በ1884 በስሞሌንስክ ተወለደ። ሙያው ጥብቅና ነበር፤ ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁና። በወጣትነቱ የአከርካሪ አጥንት ቲቢ ይዞት ለዓመታት በጀሶ ታስሮ በአልጋ ላይ ዋለ። ከዚያ በኋላ የጻፋቸው ልብወለዶች ስለ ሰው አካል ወሰንና ከዚያ ወሰን ስለ መውጣት ደጋግመው የሚያነሡት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። መንቀሳቀስ የተሳነው ሰው እ.ኤ.አ. በ1928 ባሳተመው በዚህ መጽሐፍ፣ ውቅያኖስን እንደ ሜዳ የሚጋልብበትን ወጣት ፈጠረ።

ታሪኩ የሚፈጸመው በአርጀንቲና ነው። ዶክተር ሳልቫቶር የተባለ ቀዶ ሐኪም የታመመ ሕፃን ነፍስ ለማዳን ዓሣ የሚተነፍስበትን ስንጥብ ከሻርክ ወስዶ በልጁ ሰውነት ላይ ይተክላል። ልጁ ኢኽትያንድር ይባላል፤ በግሪክኛ «ዓሣ» እና «ሰው» ከሚሉ ቃላት የተገጠመ ስም ነው። ጉቲዬሬ የተባለች ወጣት ይወዳል፤ ሉል ነጋዴው ፔድሮ ዙሪታ ደግሞ እርሱን ይዞ ከባሕር ወለል ሉል ሊያስለቅምበት ይመኛል። እስከዚህ ድረስ መጽሐፉም ፊልሙም በአንድ መንገድ ይሄዳሉ።

መጽሐፉ ግን ወደ ፍጻሜው ሲቃረብ ጠባዩን ይለውጣል፤ ጀብዱው ቆሞ ክርክር ይጀመራል። ጠበቃው ቤልያዬቭ የሚናገረው እዚህ ላይ ነው። ጳጳሱ የእግዚአብሔርን ፍጥረት መለወጥ ድፍረት ነው ብሎ ሳልቫቶርን ይከስሳል። ዙሪታ በወጣቱ ላይ የሞግዚትነት ሥልጣን ይሻል። ባልታሳር የተባለው የአገሩ ተወላጅ ሽማግሌ ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት የጠፋብኝ ልጄ እርሱ ነው ይላል። ሳልቫቶር በበኩሉ የሰው አካል ያለቀለት ሥራ እንዳልሆነ ይከራከራል። ግኝቱን ለምን ሸሸገ ተብሎ ሲጠየቅም፣ ስስትና ፉክክር በነገሡበት አገር እንዲህ ያለው ዕውቀት ለጦር አዛዦችና ለነጋዴዎች መሣሪያ ይሆን ነበር የሚል ሐሳብ ያቀርባል። ሁሉም ይናገራል፤ ባለጉዳዩ ብቻ የለም። ኢኽትያንድር በዚያ ሰዓት በወኅኒ ቤት፣ ውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ተዘፍዝፏል። እኔ የመጽሐፉ ልብ ይህ ነው እላለሁ፦ አዲስ ዓይነት ሰው ቢፈጠር በማን ሕግ ይዳኛል? ስለ እርሱስ ማን ይናገራል?

ይህ ሁሉ በፊልሙ የለም። ችሎቱ ወጥቷል፣ ሃይማኖታዊው ክስ ወጥቷል፣ የባልታሳር የአባትነት ጥያቄም ወጥቷል፤ በፊልሙ ኢኽትያንድር የሳልቫቶር ልጅ ነውና። ረጅም የችሎት ንግግር ለሲኒማ ከባድ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን የተጣለው ትርፍ ጌጥ አልነበረም።

በምትኩ ፊልሙ ባሕሩን ሰጠን። የካሜራ ባለሙያው ኤድዋርድ ሮዞቭስኪ የውኃ ውስጥ ትርዒቶቹን በጥቁር ባሕር፣ በክራይሚያ ዳርቻ ቀረጸ። ዋናው ተዋናይ ቭላዲሚር ኮሬኔቭ ገና በሃያዎቹ መግቢያ፣ ጉቲዬሬን የተጫወተችው አናስታሲያ ቬርቲንስካያ ደግሞ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ነበሩ። እዚህ ላይ ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ኢኽትያንድር በውኃ ውስጥ እንደ ልቡ የሚተነፍስ ነውና የአየር ጋን በጀርባው ሊታይ አይችልም። ስለዚህ ተዋናዩ ከጠላቂው ጋን አየር ስቦ፣ አፉን ከቱቦው አላቅቆ፣ ትንፋሹን ይዞ ይጫወታል፤ ሲያልቅበት ወደ ጋኑ ይመለሳል። በውኃ ውስጥ በነፃነት ይተነፍሳል የተባለው ሰው በእውነቱ ትንፋሹን አምቆ የያዘ ነበር። በእነዚያ ትርዒቶች ላይ የሚታየው የእንቅስቃሴ ለስላሳነትና ድብቅ ጭንቀት ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ተማሪዎች ዘወትር ስለሚጠይቁኝ ከመንገዴ ጥቂት ልውጣ፦ ስንጥብ መትከል ይቻላልን? የመትከሉን ችግር ብንተወው እንኳ ስሌቱ አይፈቅድም። አንድ ሊትር የባሕር ውኃ የሚይዘው የሟሟ ኦክስጅን ከአምስት ወይም ከስድስት ሚሊ ሊትር ብዙም አይበልጥም፤ በአንድ ሊትር አየር ውስጥ ግን 210 ያህል አለ። ተቀምጦ የሚያርፍ ሰው በደቂቃ 250 ሚሊ ሊትር ገደማ ኦክስጅን ይፈጃል። እንግዲህ ስንጥቡ ኦክስጅኑን አንዲት ጠብታ ሳያስቀር ቢወስድ እንኳ በየደቂቃው ከ40 ሊትር በላይ ውኃ ማሳለፍ ይኖርበታል። ለሚዋኝ ሰው ደግሞ ብዙ እጥፍ ነው። ሻርክ የሚበቃው ደሙ ቀዝቃዛ፣ ፍላጎቱም ጥቂት ስለሆነ ነው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ፊልሙ ችሎቱን ቢጥልም ጥያቄውን ሙሉ በሙሉ አልጣለም፤ ወደ ዕቃ ለወጠው እንጂ። ዙሪታ ኢኽትያንድርን በረጅም ሰንሰለት አስሮ ሉል ፍለጋ ወደ ባሕር ሲያወርደው፣ ሞግዚትነት ማለት ምን እንደሆነ ያለ አንድ የሕግ ቃል እናያለን። በርሜሉም አለ። ሳልቫቶር ደግሞ ከጋዜጠኛው ኦልሰን ጋር ሲነጋገር፣ ድሆች ነፃ ሆነው የሚኖሩባትን የባሕር ውስጥ ሪፐብሊክ ያልማል። ይህን ሕልም የተሸከመው ተዋናይ ኒኮላይ ሲሞኖቭ በክብደት ቢናገረውም፣ በመጽሐፉ ችሎት ፊት እንደቆመው ሳልቫቶር ተከራካሪ አላገኘም። ተቃዋሚ የሌለው ሐሳብ ምን ያህል ውብ ቢሆን ክርክር አይሆንም፤ የፊልሙ ድካም ለእኔ ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ይታያል።

ፍጻሜዎቹን አስተያዩ። በሁለቱም ኢኽትያንድር ከእስር ያመልጣል፤ ሳንባው ግን ተጎድቷልና ከእንግዲህ መኖር የሚችለው በባሕር ብቻ ነው። በፊልሙ ዙሪታ በባልታሳር እጅ ይሞታል፤ የፍቅረኞቹም መለያየት በባሕሩ ዳር ይፈጸማል፤ ተመልካቹም ያለቅሳል። በመጽሐፉ ግን ዙሪታ አይቀጣም፣ ጉቲዬሬም ከኦልሰን ጋር ወደ ሰሜን አሜሪካ ትሄዳለች፤ ከተማውም ነገሩን ይረሳል። የቀረው ባልታሳር ብቻ ነው። ችሎቱ አባትነቱን ያላጸደቀለት ያ ሽማግሌ፣ አእምሮው ተናውጦ፣ ማዕበል በተነሣ ቁጥር ወደ ዳርቻው እየወረደ ልጁን በስሙ ይጠራል።