ልጆቻችንን ይዘን የምንሄድበት የነበረው የካርቱም ሙዚየም

አሜሪካን አገር ኬንታኪ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 የተከፈተ «የፍጥረት ሙዚየም» አለ። ዓለም ከተፈጠረች 6,000 ዓመት ገደማ ነው ብሎ ያስተምራል። ሳይንቲስቶች አይቀበሉትም፣ ብዙ ቤተሰብ ግን ልጆቹን ይዞ ይጎበኘዋል። ካርቱም ለኖርነው ሐበሾች ግን ልጅ «መጽሐፍ ቅዱስ ላይ ያሉት ሰዎች እውነት ነበሩ እንዴ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ ቅርብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ዓባይ ዳር ነው ያለው።

መግቢያው አዳራሽ ላይ የንጉሥ ታሃርቃ ግዙፍ ሐውልት ይቀበላችሁ ነበር። በ2ኛ ነገሥት 19፥9 የኢትዮጵያ ንጉሥ ቲርሐቅ የተባለው እሱ ነው። እዚያ ላይ ኢትዮጵያ የተባለችው ኩሽ ስትሆን፣ ምድሯም ይኸው የሱዳን ምድር ነው።

ፎቅ ላይ ደግሞ ከፋራስ ካቴድራል የመጡ የግድግዳ ሥዕሎች ነበሩ። ከነሱ አንዱ ሠለስቱ ደቂቅን በእቶን እሳት ውስጥ ያሳያል። እኛ ያዳናቸው ገብርኤል ነው እንላለን፣ የኑብያ ሠዓሊ ግን ሚካኤልን ነው የሣለው። ስንቱ ቤተሰብ እዚያ ቆሞ ተከራክሯል!

ልጆች ይወዱት የነበረው ግን ግቢውን ነው። የአስዋን ግድብ ኑብያን ሲያጥለቀልቅ እነ ቡሄንና ሰምና የነበሩት ቤተ መቅደሶች ድንጋያቸው አንድ በአንድ ተፈትቶ እዚህ እንደገና ተተከለ። በመካከላቸው ዓባይን የሚመስል የውኃ ቦይ ተሠራላቸው። የድንጋይ አንበሶች፣ በጎችና እንቁራሪቶችም አሉ።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ሲነሳ ሙዚየሙ የውጊያ ቀጠና ውስጥ ወደቀ። በመጋቢት 2025 የሱዳን ጦር ከተማዋን መልሶ ሲይዝ አዳራሾቹ ተዘርፈው፣ የወርቅ ክፍሉም ባዶ ሆኖ ተገኘ። ታሃርቃ ከክብደቱ የተነሳ ሊነቀሳቀስ ስላልቻለ እዚያው ቀረ። ከውኃ የተረፈው ቅርስ ከሰው እጅ ሳይተርፍ ቀረ ማለት ነው።

እኛም እንደዚያው ቤታችንን ጥለን የወጣን ነን። ሆኖም አንድ ነገር በእጃችን አለ። በስልካችሁ ወይም በአልበም ውስጥ እዚያ ግቢ የተነሳችሁት ፎቶ ካለ አታጥፉት፣ ከጀርባችሁ የሚታየው ዕቃ ዛሬ የት እንዳለ አይታወቅ ይሆናል። «ጥንታዊ ዕቃ ነው» ብሎ በድብቅ የሚሸጥ ካጋጠማችሁም አትግዙ። ልጆቻችሁ ሲጠይቁ ደግሞ ያያችሁትን ንገሯቸው።